የቀትር ተረካቢ

«ምላስሽ ከረዘመ ተራሽም ይረዝማል!» አለኝ አለቃችን ካቦ ደምሴ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ የጠዋት ተረኛዋ ዘነበች እየሰማች፣ ጸጉሩ ላይ የለቀለቀው ቅባት በግንባሩ እየወረደ። እንዲህ ያለኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እሑድ ጌጃ ሰፈር ቤቱ ድረስ እንድመጣለት ጠይቆኝ፣ ሰው ሁሉ እርስዎ የሚለውን ሰውዬ አንተ ብዬ፣ «ያንተን ደጅ ከምረግጥ መግል ሳጥብ ብውል ይሻለኛል» ስላልኩት ነው።

እመኑኝ፣ እኔ ጋኔን፣ ዛር ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከፍ ያለው ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ እናቴ «ቀትር ላይ እጣቢ አትድፊ፣ የማይታዩት የሚወጡበት ሰዓት ነው» ስትለኝ ሆን ብዬ ቀትርን ጠብቄ የምደፋ ልጅ ነበርኩ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ፈሪ ነበረች እንዳትሉኝ።

የምሠራው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ጣሊያኖቹ ለአገሬው ሰው ብለው በለዩት ሐኪም ቤት ነው፣ አስታማሚ ነበር የሚሉን። የሥራችንን ሰዓት ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ቀኑ በሦስት ተራ ይከፈላል፣ አንዷ ከንጋት እስከ ቀትር፣ አንዷ ከቀትር እስከ ምሽት፣ አንዷ ሌሊቱን፣ ግድግዳው ላይ ያለው የነሱ ሰዓት አሥራ ሁለት ሲል ለእኛ ስድስት ነው፣ ያን ጊዜ ነጮቹ ምሳቸውን በልተው መስኮታቸውን ዘግተው እስከ ዘጠኝ ይተኛሉ፣ ሐኪሙም ነጯ መነኩሴም ይተኛሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር በሩ ላይ ያንቀላፋል፣ ያ ሁሉ በሽተኛ በአንዲት ሴት እጅ ይቀራል። ይህንን የቀትር ተራ የሚወድ ስለሌለ በየሳምንቱ እንፈራረቅበት ነበር፣ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ካቦው ፈረቃውን አፈረሰና ቀትሩን በሙሉ ለእኔ አደረገው።

ደግሞ አንድ የሚያስጠላ ነገር ነበር። ለሦስታችንም ያለን ጋዋን አንድ ብቻ ነው፣ ከኋላ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሚታሰር፣ ወጪዋ ታወልቃለች፣ ገቢዋ እጇን ወደፊት ትዘረጋለች፣ ወጪዋ ታለብሳትና ከጀርባዋ አስራላት «አስረክቤሻለሁ» ትላለች፣ ገቢዋም «ተረክቤያለሁ» ትላለች፣ ይህ ሳይባል ከበር መውጣት የለም። አጣቢዋ ጋዋኑን የምታገኘው ለእሑድ ነው፣ እስከዚያ የዘነበች ላብ ሳይደርቅ እኔ ላይ ይለጠፋል፣ የእኔም በሌሊቷ ልጅ ላይ፣ አንገትጌው በደም ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይቧጭራል። ነጮቹ ፊታችንን አይለዩትም፣ ጋዋኑን የለበሰችው ተረኛ ናት፣ አለቀ።

ካቦው ቀትሩን ሲሰጠኝ የት እንደሚያመኝ ያውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ታደሰን ጣሊያኖቹ ወስደው አስረውታል፣ እስር ቤቱ ጋ ስንቅ የሚቀበሉት ደግሞ ቀትር ላይ ብቻ ነው፣ ጠዋት ብትሄድ ያባርሩሃል፣ ከሰዓት ብትሄድ በሩ ተዘግቷል፣ መንግሥት ነኝ ባዩ ለእስረኛ ፍርፋሪ አይሰጥም፣ እናቴ እግሯ ተይዞ ከቤት አትወጣም። እኔ ቀትር ላይ የሰው መግል ስጠርግ ወንድሜ ጦሙን ያድራል ማለት ነው።

እንዲህ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ የታደሰን ስንቅ በአገልግል ሰጥታኝ እጄን አልለቅ አለች። «አስካለ፣ እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ሊወስዷቸው ነው እየተባለ ነው፣» አለች። «ዛሬ እንደምንም ብለሽ አድርሺለት፣ ባዶ ሆዱን አይሂድብኝ።»

አገልግሉን ይዤ ገባሁ፣ ዘነበች አልብሳኝ አስረክባኝ ወጣች። ክፍሉን ታውቁት እንደሆነ፣ ጠባብ፣ ረጅም፣ የመድኃኒቱ ሽታ የመግሉን ሽታ ሊሸፍን ሞክሮ ሌላ ሦስተኛ ሽታ የፈጠረበት፣ ዝንቡ ከበሽተኛው የሚበልጥበት። ጥግ ላይ አባባ ገብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ እግራቸው በጥይት ተመትቶ ሳይታይ ቆይቶ የበሰበሰ፣ አልዋሻችሁም፣ እሳቸውን ሳጥብ ትንፋሼን ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር፣ እሳቸውም ያውቁታል፣ «ቶሎ በይና ተገላገይኝ ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ገና ውሃውን በሳፋ ቀድቼ ጥጡን አጠገቡ እንዳስቀመጥኩ ዝም አለ። ምን ዝም አለ? ዝንቡ። ቀና ብዬ ባይ ሁሉም ጣሪያው ላይ ተለጥፏል፣ ጣሪያው ጥቁር ሆኗል፣ አንዱም ክንፉን አያንቀሳቅስም። ቀጥሎ ከበሩ በኩል ጥፍ፣ ጥፍ የሚል ድምፅ መጣ፣ በእርጥብ እግር ሲሚንቶ ላይ እንደሚራመድ ሰው። ዞር ስል አንዲት ሴት ቆማለች፣ ቁመቷ የእኔን ያህል፣ በነጠላዋ ከዓይኗ በታች ያለውን ሁሉ ጥብቅ አድርጋ የሸፈነች፣ ሽታው ነው አልኩ፣ ማን አዲስ ሰው የማይሸፍን አለ! ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋች።

አሁን ማን ነሽ ብለሽ ለምን አልጠየቅሻትም ትሉኝ ይሆናል። ካቦው «ሌላ አስመጣለሁ» እያለ ሲዝት ሰንብቷል፣ አመጣ አልኩ፣ ልቤ ደግሞ አገልግሉ ጋ ነበር። አውልቄ አለበስኳት። ከኋላዋ ሳስር ጀርባዋ በቀሚሷ አልፎ እንደ ምድጃ ጣቴን ለበለበኝ፣ ወባ ይዟት ይሆናል ብዬ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ወባ ያዛት ያልኳትን ሴት በሽተኛ ላይ ጥዬ ልሄድ፣ «አስረክቤሻለሁ» አልኳት።

«ተረክቤያለሁ፣» አለች፣ ድምፅዋ አፉ በምራቅ እንደ ሞላ ሰው።

ዘበኛው አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «ተረካቢሽ የታለች?» አለኝ።

«ውስጥ ናት።»

«ስትገባ አላየሁም።»

«ተኝተህ ምን ታያለህ!» ብዬው በአብነት ሰፈር በኩል ሮጥኩ።

የእስረኞቹ አጥር ጋ ስደርስ ሰልፉ ሊያልቅ ነው። በሩ ላይ የቆመው ባንዳ አገልግሉን ከፍቶ የሽሮ ፍትፍቱን በቆሻሻ ጣቱ እስከ ታች ቆፈረው፣ መሣሪያ የሚፈልግ መስሏችሁ ይሆናል፣ ጣቱን አውጥቶ ላሰውና «ጨው ይጎድለዋል» አለ። ብቻ አሳለፈው። ታደሰ ከሽቦው ወዲያ ተቀብሎ ቆሞ በላ፣ በሁለት እጁ፣ ያ በቤታችን ትንሽ ጉድፍ የወደቀበትን ማዕድ ትቶ የሚነሳ ሰው። ባዶውን አገልግል ወደ በሩ ሲመልስልኝ ከሽቦው ማዶ፣

«ጥለሽኝ ነበር እኮ፣» አለኝ ጮክ ብሎ።

«ቀትሩን ሰጥተውኝ ነው።»

«ዛሬስ ማን ያዘልሽ?»

«አዲስ ልጅ መጥታ።»

«መርቂያት። ነገም ነይ፣ እዚህ እስካለሁ ድረስ ነይ።»

ነጮቹ ሳይነሱ ተመለስኩ። በበሩ ስገባ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ሽታው ነው፣ ሽታ የለም! ያ ከፀጉሬ የማይለቀኝ ግማት ታጥቦ እንደ ወጣ ሁሉ የለም፣ በሽተኞቹ ተኝተዋል፣ ሁሉም ፋሻቸው ተቀይሯል፣ ሴትዮዋ የለችም። ጋዋኑ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሳወርደው ይሞቃል፣ ደረቱና አንገትጌው ርሶ እጄ ላይ ይዝለገለጋል፣ ላብ አይደለም፣ ላብ አውቃለሁ። ሳፋውን አየሁ፣ ውሃው ቀትር ላይ እንደቀዳሁት ጥርት ብሎ አለ፣ ጥጡ አልተነካም፣ የቆሸሸ ጥጥ የሚጣልበት ባልዲ ባዶ ነው። እሺ፣ በምን ታጠቡ?

አባባ ገብሬ ነቅተው ነበር። እግራቸውን ገልጬ አየሁ፣ ያ ጥቁር ቁስል እንደ ሕፃን ድድ ቀልቷል።

«አባባ፣ ማን አጠበልዎት?»

«አንቺ ነሻ ልጄ፣ ማን ሊሆን ኖሯል?»

«በምን አጠብኩዎት?»

ዓይናቸው ወደ አፌ መጣ፣ ወዲያው ሸሸ። «ፊትሽን ስታዞሪብኝ አዝኜብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አሉ፣ እንባቸው ጆሯቸው ውስጥ እየገባ። «የአልዓዛርን ቁስል እንኳ ውሾች ናቸው እንጂ... ሰው ለሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።»

ሳፋው ውስጥ አስመለስኩ። አፌን እየጠረግኩ ሳለሁ ካቦው መጣ፣ ጥርሱን ገልፍጦ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ እንዴት ጨዋ ሆነሻል! ቀደም ሲል ስመጣ ያን ሁሉ ስነግርሽ አፍሽን ሸፍነሽ ጸጥ ብለሽ ሰማሽኝ፣ እንዲህ ነው ሴት» አለኝ።

«መቼ?»

«ደግሞ መቼ ትለኛለች! ነጮቹ ተኝተው ሳሉ ነዋ» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ፣ የቅባቱ ሽታ ላዬ ላይ ቀረ። እስከ ምሽት ድረስ ያንን እርጥብ ጋዋን አልለበስኩትም፣ ማታ ለሌሊቷ ልጅ ሳለብሳት በጣቴ ጫፍ ነው የያዝኩት፣ «ምነው እባብ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቤት ገብቼ አፌን በአመድ አሸሁት፣ ደጋግሜ፣ ድዴ እስኪደማ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ለእናቴ የነገርኳት ታደሰ መብላቱን ብቻ ነው።

በማግሥቱ አገልግሉን ይዤ መጣሁ፣ ካሚዮኑ አልመጣም ተብሏል፣ ዛሬ ካቦውን እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን እለምነዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነው። ዘበኛው እንደ ልማዱ አንገቱን ጥሎ ነበር። ከክፍሉ በር ላይ ከዘነበች ጋር ተገጣጠምን፣ ጋዋኑን አውልቃለች፣ ነጠላዋን እየተከናነበች ነው።

«ምን ረሳሽ?» አለችኝ።

«ምን እረሳለሁ? አሁን መድረሴ ነው፣ ነይ አስረክቢኝ።»

ሳቀች፣ «ኧረ በማርያም አስካለ፣ አሁን አይደል እንዴ ያለበስኩሽ! ጀርባሽ እንደ እሳት ሲፋጅ፣ ታመሽ እንዳይሆን ብዬሽ...» ስትል ዓይኗ ወደ እጄ ወረደ። አገልግሉን አየች። ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ በአጠገቤ እየሮጠች አለፈች።

በበሩ መስታወት አሻግሬ ወደ ውስጥ አየሁ። ዝንቡ ጣሪያው ላይ ነው። ጥግ ላይ፣ ጋዋኑን የለበሰችው ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ የአባባ ገብሬ እግር ላይ አጎንብሳለች፣ በጣም ዝቅ ብላ፣ ነጠላው ከፊቷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ጭንቅላቷ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይላል፣ ድመት ከወተት ሳህን ላይ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አባባ ገብሬ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጸጉሯ ላይ አደረጉ፣ እንደሚመርቅ ሰው።

«አንቺ! ምን ትፈልጊያለሽ እዚህ?»

ካቦው ነው፣ ከኋላዬ።

«እኔ ነኝ፣» አልኩት።

«እኔ ማን?»

«አስካለ ነኝ እንጂ! ቀትሩን የሰጠኸኝ!»

ፊቴን አየ፣ ላይ ታች አየኝ፣ እመኑኝ፣ ለጨዋታ አልነበረም፣ ያ ወራት ሙሉ ዓይኑን ያልነቀለብኝ ሰውዬ ፊቴን እንደ ግድግዳ ነው ያየው፣ ቀጥሎ ዓይኑ አገልግሉ ላይ አረፈ።

«ጠያቂ በዚህ ሰዓት አይገባም፣» አለ። «ተረኛዋ ውስጥ ናት። ሂጂ።»

የልደታ ደወል ተደወለ፣ ስንቅ የሚቀበሉበት ሰዓት ነው። አገልግሉን ብብቴ ሥር አድርጌ ወደ ታደሰ ወጣሁ።