የኦክቶፐሷ በር

የጋልሚራ ባሕር በጠራራ ፀሐይ እንደ ቀለም የጠቆረ ዕለት፣ በወደቡ ግንብ አናት ላይ ሦስት መቶ ዓመት ያበራችው ዕንቁ ጠፋች። ጠንቋዮቹ «የጥልቁ አውሬ ሰረቃት!» ብለው ጮኹ። ለጩኸት ማን ብሏቸው!

አቤት የድሮው ዘመን! ያኔ ያረጀ መርከብ አይቃጠልም ነበር። ሆዱ እንስራ ተሞልቶ፣ በዘፈን ታጅቦ፣ «ያሻገርከን ሆይ፣ እንግዲህ ቤት ሁን» ተብሎ ባሕሩ ወለል ላይ ይተኛል። ኦክቶፐሶችም በየእንስራው ጎጆ ይወጣሉ፤ ደጃፋቸውን በድንጋይና በዛጎል ይዘጋሉ። አዲሱ ንጉሥ ግን «ለአዳራሼ ያምራል» ብሎ እንስራውንም ዛጎሉንም አስለቀመ።

ያን ዕለት ጀምበር ስትጠልቅ ዓሣ አጥማጆቹ ይመለሳሉ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ሚሮና እናት አብራቸው ናት። ያለ ዕንቁዋ ብርሃን ደግሞ በወደቡ አፍ ያለው ዓለት ይፈጃቸዋል።

«በእናቴ እምላለሁ፣ ዕንቁዋን ሳልይዝ አልመለስም!» አለች ሚሮና።

«መሐላው ይደርሳል፤ ይልቅ ግቢ» አሏት ሽማግሌው ጠላቂ ጋሽ ዘርኮ፣ ጀልባቸውን እየገፉ።

«እርስዎ ይቅዘፉ፣ እኔ እጠልቃለሁ። ጉልበትዎ እኮ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ጋሽዬ።»

ጠለቀች። ድሮ በዘፈን ተሸኝቶ በሰመጠ አንድ መርከብ ውስጥ አንዲት እንስራ ብቻ ቀርታለች፤ አፏ ላይ ዕንቁዋ ተወትፋለች። በጎን በቀረው ክፍተት ሲታይ፣ ከዕንቁዋ ኋላ ከስታ የገረጣች ኦክቶፐስ እንደ ወይን ዘለላ በተንጠለጠሉ እንቁላሎቿ ላይ ውሃ ትነፋለች። ውጭ ጥርሳም እባብ መሳይ ዓሣ ይዞራል። ሚሮና ሰይፏን መዘዘች፤ ወዲያው ወደ አፎቱ መለሰችው። አውሬ የተባለችው እናት ነች።

ብቅ ብላ «ጋሽዬ፣ በሯን ከወሰድኩ ልጆቿ ይበላሉ። ካልወሰድኩ የኔ እናት አትመለስም» አለች።

ጋሽ ዘርኮ መቅዘፊያቸውን አስቀመጡ። አርባ ዓመት የቀዘፉበትን፣ ሚስታቸውን በሙሽርነት ያመጡበትን ጀልባ በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ መጥረቢያ አነሡ።

«ኧረ አይሆንም፣ ጋሽዬ!»

«ዝም ብለሽ ዝፈኚለት።»

እያለቀሰች ዘፈነችለት። ጀልባው ሰምጦ እንስራዋ ላይ እንደ ጣራ ተደፋ። ሚሮና ተከትላው ጠልቃ መጥረቢያው በከፈተው ስንጥቅ እጇን ሰደደች። ኦክቶፐሷ የእጇን አንጓ በክንዷ ጫፍ በቀስታ ቀመሰችና ዕንቁዋን ለቀቀች።

ሁለቱም ዋኝተው ተመለሱ። ግንቡ በራ፤ መርከቦቹም አንድ በአንድ ገቡ። የሚሮና እናት ልጇን አቅፋ ሳመችና ዞር ብላ «ጋሽ ዘርኮ፣ ምነው በስብሰዋል? ጀልባዎስ?» አለች።

«ልጆች እያሳደገ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው።