ከዘውዱ የወደቀው ቃጭል

ኑ፣ ጠጋ በሉኝ። አንተም እግርህን ሰብስብ። ይህቺን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ለእሷም እናቷ።

ድሮ ድሮ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ቤተ መንግሥት፣ አንድ ትንሽ የወርቅ ዘውድ ነበረ። ሁለት የብር ቃጭሎች ተንጠልጥለውበታል። «ቅጭል! ቅጭል!»

አንዱን ያንጠለጠለችው ቅድመ አያት ናት። ሁለተኛውን አያት። እናት ለልጇ ዘውዱን ስትደፋላት፣ የራሷን ቃጭል ትጨምርበታለች። የቤቱ ወግ ነው።

መቼ ነው የሚደፋላት? የመጀመሪያው የወተት ጥርሷ የወለቀ ቀን! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

በዚያ ቤት ትርንጎ የምትባል ትንሽ ልዕልት ነበረች፤ ቃጭሎቹም የእሷ የቅድመ አያቷና የአያቷ ናቸው። ጥርሷ ይነቃነቃል፤ ግን አልወልቅ አለ።

«እምዬ፣ ዛሬ ይድፉልኝ!»

«ትንሽ ጠብቂ» አለች እናቷ ንግሥቲቱ።

በማግስቱም «ይድፉልኝ!»

«ትንሽ ጠብቂ።»

ትርንጎ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ሰለቻት። አንድ ቀን ዘውዱን ከሣጥኑ ብድግ! በገዛ እጇ ራሷ ላይ ድፍት!

መልኳን ውሃ ላይ ልታይ ወደ ሐይቁ ሮጠች። «ቅጭል! ቅጭል!» ጎንበስ ስትል… «ጥልቅ!»

የአያቷ ቃጭል ሐይቁ ውስጥ ገባ።

አይ ልጄን! እጇን ብትከት ጭቃ። ደግማ ብትከት ጭቃ።

እያለቀሰች ወደ እናቷ ሄደች። «እምዬ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። አንጥረኛው ሌላ ይሥራ!»

እናቷ አልተቆጣችም። ባዶውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። «ሌላማ ይሠራል። የእናቴ ግን አይሆንም። እሷ ከሞተች ወዲህ፣ ያንን ድምፅ ስሰማ የመጣች ይመስለኝ ነበር።»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ‹ምነው በተቆጣችኝ!› አለች በልቧ።

በማግስቱ ጥርሷ ወለቀ። አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ ብትጠብቅ ኖሮ!

እናቷ የራሷን ቃጭል አንጠልጥላ ዘውዱን ደፋችላት።

«ቅጭል! … ዝም … ቅጭል!»

ጥርሷ ቆይቶ በቀለ። ቃጭል ግን አይበቅል።

ትርንጎ አደገች፣ ወለደች። የልጇ ጥርስ ሲወልቅ፣ እሷም ቃጭሏን ጨምራ ደፋችላት።

«ቅጭል! … ዝም … ቅጭል! ቅጭል!»

«እምዬ፣ እዚህ ጋ ለምን ዝም ይላል?»

ትርንጎ አልደበቀችም። «እዚያ ጋ የአያቴ ነበረ። አልጠብቅ ብዬ ጣልኩት።»

ልጅቷ የእናቷን እንባ በመዳፏ ጠረገች። «እንግዲያው እዚያ ጋ እኔ እላለሁ» አለችና፣ በወላቃ አፏ «ቅጭል!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዘውዱን የደፋች ልጅ ሁሉ እንዲሁ ትላለች። እናንተም ዝም ያለው ጋ ስደርስ በሉልኝ፣ ከዚያ ወደ መኝታ፦

«ቅጭል! …»

እሰይ! የኔ ወላቆች።

«ቅጭል! ቅጭል!»