የጥር ጠርሙስ

ዶክተር ጉተማ ኤጀታ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቅ በለበሰ ማይክሮስኮፕና በተከደኑ ሁለት ጠርሙሶች አጠገብ ተደፍቷል። ግራ እጁ አንዲት የጣት መቁጠሪያ ጨብጧል፤ በተጫኗት ቁጥር አንድ የምትጨምር ትንሽ ብረት ናት። ማጅራቱን የመታው ከባድ የብረት ድብልብል ከእግሩ ሥር ወድቋል። ብረቱ በአንድ ወቅት መረብ ወደ ባሕር ያሰምጥ ነበር፤ እዚህ ካራ ሰፈር ከገባ ወዲህ ግን የበር መደገፊያ ሆኖ ኖሯል።

ሻምበል ሠረቀብርሃን ዝናብ የጠጣ ካፖርቱን አውልቆ ክፍሉን በዓይኑ ዞረው። ቀኑ እሑድ፣ ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ 1975 ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አለ ሀብተወልድ፣ የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ። «ሰውየው ያቺን የማትታይ ትል ባየ ቁጥር ብረቷን ቀጭ ያደርጋል። ስብሰባ ልጠራው መጥቼ አይቻለሁ። እስቲ ቁጥሯን ይመልከቱ።»

ሻምበል ጎንበስ አለ። አራቱም አኃዝ ዜሮ ነው።

«ሥራ ሳይጀምር ነው የተገደለው። የሚጀምረው ደግሞ ሁልጊዜ በሦስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ቤት ውስጥ የነበረችው እህቱ ብቻ ናት። በሦስት ሰዓት ወጥታ ሄደች፤ በስምንት ተመልሳ ጮኸች። የት ነበርሽ ስትባል ዝም! መኪና ጠርቻለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወስዳታል።»

ሻምበል መኪናውን ያውቀዋል። በዚያ መኪና የተወሰደ ሰው ቤተሰብ ልብስ ሊያቀብል ሄዶ ልብሱን ይዞ ይመለሳል። ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

ኢፍቱ ኤጀታ ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ደርቋል። የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ግን ጭድ ተጣብቋል፤ ሁለት ክብ ቦታ ላይ ብቻ። ሻምበል አየና ልቡ ደነገጠ። የእነ ኢፍቱ ቤተ ጸሎት በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከካራ ማዶ በአንድ የገበሬ ጎተራ ውስጥ እሑድ እሑድ ተደብቀው ይጸልያሉ የሚል ወሬ ሰምቷል። ይህች ልጅ የት እንደነበረች ብትናገር ከእሷ ጋር የተንበረከኩት ሁሉ ይለቀማሉ።

«የት ነበርሽ ብዬ አልጠይቅሽም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወንድምሽ ምን ይሠራ እንደነበር ንገሪኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ጥያቄውን አልጠበቀችውም።

«ሌኒንግራድ ዘጠኝ ዓመት ተምሯል። ባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ እንስሳት አሉ፤ የባሕር ኮከብ፣ ባለ ዛጎል። ትልልቆቹ ከወለሉ አይላቀቁም። ልጆቻቸው፣ እጮቹ፣ ግን በዓይን አይታዩም፤ ማዕበሉ ይዟቸው ይሄዳል። በቀዝቃዛ ባሕር እድገታቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ማረፊያ እስኪያገኙ ለወራት ይንሳፈፋሉ። እሱ ይቆጥራቸዋል።»

«ባሕር በሌለበት ካራ?»

«በአልኮል ታሽገው ይመጣሉ» አለች። ፈገግታ መሰል ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ጠፋ። «ከግራው ጠርሙስ በማንኪያ ይቀዳል፤ ያያል፤ ይቆጥራል፤ የተቆጠረውን ቀኝ ጠርሙስ ውስጥ ይገለብጣል። ለአንድ ማንኪያ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስቆጥር አታናግሪኝ ይላል።»

«ያሁኑን ጠርሙስ ማን አመጣው?»

«ለይኩን። ትናንት ማታ። መብራት ስላልነበረ ሳይከፍተው አደረ።»

ጎረቤቷ ወይዘሮ አሳየች ከደጃፋቸው ሆነው ይህንኑ መሰከሩ።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ እንጦጦ ችግኝ ስንተክል ዋልን፤ ዶክተሩም ከእኛ ጋር ነበር። ማታ ያ ቀጭኑ ልጅ ጠርሙስ ታቅፎ ሲገባ አይቻለሁ፣ የኔ ጌታ። መብራቱ ሲነጋ ነው የመጣው።»

«ዛሬስ?»

«ልጅቱ በሦስት ሰዓት ስትወጣ እኔም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ጩኸት ሰማሁ። ኧረ እሷ ወንድሟን አትገድልም! እግሩን አጥባ ነው የምታሳድረው።»

ለይኩን በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። የሟቹ ረዳት ነው፤ ሌኒንግራድም አብረው ኖረዋል። የዶክትሬት ጽሑፉ የጉተማን ፊርማ ብቻ እየጠበቀ ነበር። ሻምበል ወደ ጠረጴዛው ወሰደው።

«ከመፈረሙ በፊት አንድ ጠርሙስ ልቁጠር አለኝ» አለ ለይኩን። «የሰኔውን አመጣሁለት። ሰኔ ላይ እጮቹ እንደ አሸዋ ናቸው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ አንኳኳሁ። የሚከፍት ጠፋ፤ ተመለስኩ።»

«ይህን ጠረጴዛ ሲያዩት ምን ይታይዎታል?»

ለይኩን ጠረጴዛውን በዝግታ አየው። «አልጀመረም። መቁጠሪያው ዜሮ ነው።»

«የዛሬው ማስታወሻ ደብተርስ?»

«አላየሁም።»

ሻምበል ብቻውን ቀረና መደርደሪያውን መረመረ። በያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ፣ ፈሳሹ ውስጥ፣ በእርሳስ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት አለች። ቀለም በአልኮል ይሟሟል፤ እርሳስ ግን ይኖራል። ጠረጴዛው ላይ ባለው የግራ ጠርሙስ ውስጥ ግን ወረቀት የለም። አሮጌ ደብተሮችን ገለጠ። እያንዳንዱ ቆጠራ «ቀኝ ጠርሙስ ታጥቦ ባዶ» ብሎ ይጀምራል፤ ከእያንዳንዱ ማንኪያ አጠገብ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት አለ። ሃያ ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ ሁለት። በቀኙ ጠርሙስ ላይ ያሉትን የልክ መስመሮች አየ፤ ማንኪያውን በውኃ ሞልቶ ለካ። 

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ጠራቸው። ሬሳው ነጠላ ለብሷል። ኢፍቱ ግድግዳ ተደግፋለች።

«ሁላችንም ይህን ዜሮ አይተን አልጀመረም አልን» አለ ሻምበል። «ቀኝ ጠርሙሱን ተመልከቱ። ስልሳ ሚሊ ሊትር ይዟል። ማንኪያው አምስት ይይዛል። አሥራ ሁለት ማንኪያ፣ ለያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ። ጓድ ሀብተወልድ፣ ስንት ይሆናል?»

ሀብተወልድ በጣቱ ቆጠረ። «አራት ሰዓት።»

«ጠርሙሱ የመጣው ትናንት ማታ ነው፤ ያመጣው ሰው ራሱ ነግሮኛል። መብራት አልነበረም። ስለዚህ የተቆጠረው ዛሬ ነው። በሦስት ሰዓት ቢጀምር ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረ። ገዳዩ የገባው ከዚያ ወዲህ፣ ስምንት ሳይሞላ ነው። እህቱ ከሄደች አራት ሰዓት አልፎ።»

«አራት ሰዓት ቆጥሮ እንዴት ዜሮ?»

«ጥያቄው እሱ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። ዜሮው ያልተሠራ ሥራ አይደለም፤ የሥራው ውጤት ነው። ሰኔ ላይ እንደ አሸዋ ነው ተብያለሁ። ታዲያ ይህ ጠርሙስ የሰኔ አይደለም።»

ለይኩን ከንፈሩን ላሰ። «ማንም ገብቶ...»

«ማንም አይደለም። ዶክተሩ የተመታው መቁጠሪያውን ጨብጦ፣ ዓይኑ ማይክሮስኮፑ ላይ እያለ ነው። በዚያ ሰዓት የሁለቱም ጠርሙስ አፍ ክፍት መሆን አለበት። እኛ ስንመጣ ግን ጥብቅ ብለው ተከድነዋል፤ ማይክሮስኮፑም ጨርቁን ለብሷል። ሰው ገድሎ ሲያበቃ አልኮሉ እንዳይተን የሚጨነቅ ማን ነው? አመል ያወጣል ከመሐል፣ አቶ ለይኩን። ይህንን ጠረጴዛ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው እዚህ የለም። አነበቡት፤ አልጀመረም አሉኝ።»

«ይሄ ማስረጃ አይደለም!»

«ደብተሩን አቃጥለውት ይሆናል። ከጠርሙሱ ውስጥ ያወጧትን ወረቀት ግን አልጣሏትም። ሌላ፣ እጭ የሞላበት ጠርሙስ ውስጥ ከትተው ለፈታኞች ለማሳየት ታስፈልግዎታለች። የደረት ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ።»

ለይኩን አልተነቃነቀም። ሻምበል ራሱ እጁን ሰደደ። ቁራጯ ወረቀት አልኮል አልኮል ትሸታለች። ለኢፍቱ ሰጣት፤ ወንድሟ የሩስኛ ፊደል አስተምሯታል።

«ጥር» ብላ አነበበች። «ጥር ላይ ባሕሩ በረዶ ይለብሳል። የሚበሉት ስለሌለ እጮቹ አይኖሩም ብሎ ይጠረጥር ነበር።»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ ብዬ ጽፌ ነበር» አለ ለይኩን። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ያን ጥር ታምሜ ሳልቆጥር ቀረሁ፤ ከሰኔው አይቼ ገመትኩ። ልቁጠር ሲል ራሱ የጥሩን ጠርሙስ መርጦ አስመጣኝ። ዛሬ ስገባ ዓይኑን እንኳ አላነሳም። ዜሮ ብለህ አስተካክል፣ ዜሮም ግኝት ነው አለኝ። ፈርምልኝ ብዬ ለመንኩት። አይሆንም ብሎ መቁጠሩን ቀጠለ!»

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይተውም። በአንድ የሐሰት ቁጥር የተጀመረው እዚህ ደረሰ። ኢፍቱ ለይኩንን አየችው፤ አልሰደበችውም። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«እሺ» አለ ሀብተወልድ። «እሷስ አምስት ሰዓት ሙሉ የት ነበረች?»

  ሻምበል ሃያ ዓመት በሥራ ላይ ሲቆይ መዝገብ ላይ ዋሽቶ አያውቅም፤ ፈራ።

«ጠይቄያታለሁ። ነግራኛለች። ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። ጽፌ ፈርሜበታለሁ።»

አልጠየቃትም፣ አልነገረችውም፣ አልጻፈም። ሀብተወልድ ዓይኑን አተኩሮ አየው፤ ሻምበልም አልሸሸም። በመጨረሻ ሰውየው ባርኔጣውን አንስቶ መኪናውን ሊያሰናብት ወጣ።

«ልጄ» አላት ሻምበል፣ በሹክሹክታ። «ቀሚስሽን አራግፊ። ጉልበትሽ ላይ ጭድ አለ።»

ኢፍቱ ዝቅ ብላ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። አራገፈችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልወጣው ዕንባዋም አብሮ ወረደ። ጭዱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የሀብተወልድ እርምጃ በረንዳው ላይ ተመልሶ ተሰማ። ሻምበል ሠረቀብርሃን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደና ጭዱ ላይ ቆመ።