አየር ያገኘ ከሰል

«ሲስቱ፣ ከጫግኒ መነሳታችን ነው። አውቶቡሱ አዲስ ቅዳም ላይ ትንሽ ይቆማል፤ አስፋልቱ ጋ ጠብቂኝ!» ብሎ በዛብህ ስልኩን ዘጋው። ባጃጅ ሊነዳ ጫግኒ ከወረደ ወዲህ ሰርክአዲስ ወንድሟን አላየችውም። አሁን ደግሞ ለሥራ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው።

የሰርክአዲስ ልብ ቀድሟት ወደ አስፋልቱ ወረደ። እሷ ግን የከሰሉን ክምር እየጠበቀች ነው። እናቷ ለቅሶ ስትሄድ «ጭሱ ሳይሰክን ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብላታለች። አፈር ለብሶ የሚከስለውን የዲከረንስ ዛፍ የተከለው ራሱ በዛብህ ነው። ሰርክአዲስም ለከርሞ እንጅባራ ሄዳ የምትማረው ይህ ከሰል ሲሸጥ ነው።

ከሰሉ ቶሎ እንዲደርስላት ብላ በነፋሱ በኩል አንድ ቀዳዳ ከፈተችለት። ትንሽ አየር ምን ያደርጋል? አይ ልጅነት! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማችም መሰል። ጫማዋን አጥባ ስትመለስ ነጩ ጭስ ሰማያዊ ሆኗል፤ የክምሩ ጎን ተሰንጥቆ ፍሙ ይታያል።

«በስማም!»

መምህር እንግዳው ያስተማሩት ትዝ አላት። ካርቦን አራት እጅ አለው። እንጨት ታፍኖ ሲከስል እንፋሎቱና ጭሱ ይወጣል፤ ካርቦኖቹ እርስ በርስ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ኦክስጅን ካገኙ ግን እያንዳንዱ ጓደኞቹን ይለቅና ሁለት ኦክስጅን ግራና ቀኝ ይዞ ከአየሩ ጋር ይሄዳል። የሚቀረው አመድ ነው። ለፈተና የሸመደደችው ነገር ዓይኗ እያየ እየሄደ ነበር።

ከታች የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ሮጣ ብትወርድ ትደርስበታለች። ያን ሳቁን ለማየት እንዴት እንደጓጓች! ጥቂት ተራመደችና ቆመች። ተመልሳ እርጥብ አፈር በእጇ እየዛቀች ስንጥቁን ትደፍን ጀመር፤ እያለቀሰች።

ስልኳ ጮኸ።

«የት ነሽ? ሊነሳ ነው እኮ!»

«ከሰሉ አየር አገኘብኝ፣ በዛብህ። እኔው ነኝ የከፈትኩለት… አንተን ለማየት ብዬ።»

«ደፈንሽው?»

«እየደፈንኩት ነው።»

«ከላዩ እንዳትወጪ፣ ይደረመስብሻል። አንቺ… ናፍቀሽኛል እኮ።» ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ጭሱ ቀስ በቀስ ሲሞት እናቷ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ደረሰች። ሳትቀመጥ እንደ ሁልጊዜው «የልጄን ድምፅ አልሰማሽም?» አለቻት።

«ደውሎ ነበር እማዬ። ደህና ነው» አለች ሰርክአዲስ። በደጃቸው ማለፉን ግን ለብቻዋ ያዘችው።