ለልደት የተገዛው ነጭ በግ

እሁድ ጠዋት የሰላህ ነጭ በግ ከታሰረበት ግንድ ሥር እግሩን ዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። ሆዱ ከበሮ አክሏል። ሳይታረድ ስለሞተ ለእስላምም ለክርስቲያንም የማይሆን ሥጋ ነው፤ የልጆቹ ልደት ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከጎኑ የታሰረው የአስማማው ቀይ በግ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያመሰኳል። ነገሩን ያከፋውም እሱ ነው።

ጡረታ የወጡት መርማሪ ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ከጣና ዳር የጠዋት እርምጃቸው ሲመለሱ ጎረቤታቸው የሰላህ ሚስት ሰዓዲያ አጥሩ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«እትዬ፣ ይድረሱልን። ሰላህ በጌን መርዞ ገደለብኝ ብሎ አስማማውን ዛሬውኑ ቤቴን ልቀቅ ብሎታል።»

«ለበግ ነው የምትጠሪኝ?»

«ለልጆቹ ነው እንጂ። አንዷ ከሄደች ሌላዋን ምን እላታለሁ?»

ሰላህ የጨርቅ ነጋዴ ነው። የኮሌጅ አስተማሪው አስማማው ከሚስቱ ከፅጌ ማርያም ጋር ግቢው ውስጥ ተከራይቶ ሲኖር ስድስት ዓመቱ ነው። የሰላህ ልጅ ሱንዱስና የአስማማው ልጅ ዜማ በአንድ ሳምንት ተወልደው፣ አምስተኛ ዓመታቸውን አብረው ሊያከብሩ ነበር። ምግቡን ማቀድ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጠረጴዛ። አንዱ እሺ ሲል ሌላው ያኮርፋል። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል ልጆቹ «መኮሮኒ» ይሉ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

ኢንስፔክተሯ እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉ። ከሞተው በግ ከንፈር ላይ የስንዴ ፍሬ ተጣብቋል። የውሃው ባልዲ ባዶ ነው። የቀዩ በግ ሣር ተበልቶ ሊያልቅ ነው፤ የነጩ ግን ትናንት ጠዋት እንደተገዛ፣ እስሩ እንኳ አልተፈታም።

«ስንዴው የማን ነው?»

«የጋሽ አስማማው» አለች ለልደቱ ወጥ ልትሠራ የተቀጠረችው እናትዓለም። «ለቆሎ ይሁን ብሎ ወንድሙ ከቆጋ የላከው ነው። ትናንት ጆንያው ሙሉ ነበር፤ ዛሬ ጎድሎ አገኘሁት።»

«ማድቤቱ አይቆለፍም?»

«የጋራ ነው፣ ማን ይቆልፈዋል። ትናንት ከሰዓት ሁለቱ እመቤቶች ኬክ ሊያዙ ወጡ፣ እኔም ወፍጮ ቤት ነበርሁ።» ትንሽ አሰብ አደረገች። «ትናንት ጠዋት ደግሞ ስንዴውን ስለቅም ከእጄ ፈሰሰና ወደ በጎቹ ተበተነ። ጋሽ አስማማው ተቆጥቶኝ ከሁለቱም በጎች ሥር ፍሬ በፍሬ ለቀመው። እኔስ ስስት መስሎኝ ነበር።»

ሰላህ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይንቆራጠጣል።

«ለምን ይገድልብሃል?» አሉት።

«ሊያሳጣኝ ነዋ። ያን የሰባ በጉን አምጥቶ ከኔ ከሲታ ጎን ገተረው። እንግዶቼ ሁለቱን አይተው ምን ይሉኛል? እሱ አልበቃው ብሎ ገደለው። ስንዴውም የራሱ ነው፣ መርዙን በሱ ለውሶ ነው የሰጠው።»

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ። ጥርግ አድርጎ ሲበላ ትቼው ገባሁ። ደህና ነበር።»

አስማማው ፍራሹን ጋሪ ላይ እየጫነ ነው። ቀና ብሎም አላያቸው።

«አልገደልሁትም። ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ካመነብኝ ሌላ ምን እላለሁ?»

«የት ነው ያደግህ?»

«መራዊ አጠገብ፣ ገጠር።»

«በግ ነበራችሁ?»

«ሞልቶን።»

ኢንስፔክተሯ ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ሁሉንም የሞተው በግ ዘንድ ጠሩ። ፅጌ ማርያም የድፎ ሊጥ በእጇ ላይ እንደደረቀ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«መርዝ የለም» አሉ ኢንስፔክተሯ። «በጉ ጥሬ ስንዴ ያለ ልክ በላ፣ ውሃ ጠጣበት፣ ተነፍቶ ሞተ። በግ ያረባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።»

«አላልሁም?» አለ ሰላህ። «ታዲያ እዚህ ግቢ በግ ያረባ ማን አለ?»

«ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል። እሱማ ትናንት ጠዋት ከበግህ ሥር ስንዴ ለቅሞ አተረፈልህ። ሊገድልብህ ቢፈልግ የፈሰሰውን አይቶ ዝም ይል ነበር። ስለዚህ እኔ የምፈልገው የሚያውቀውን ሳይሆን የማያውቀውን ነው፤ በጉ እንዲሞት ሳይሆን እንዲሰባ ብሎ ያበላውን።»

ኢንስፔክተሯ በነጩ በግ ፊት ወዳለው ሣር በእጃቸው አመለከቱ።

«አሁን ሣሩን ተመልከቱ። እስሩ አልተፈታም። አንተ ግን በአፍህ፣ አሥር ሰዓት ላይ ጥርግ አድርጎ ሲበላ ትቼው ገባሁ ብለኸኛል። ሣሩን ካልነካ፣ ሲበላ ያየኸው ምኑን ነው?»

ሰዓዲያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሰላህ?»

«አንድ ሳፋ ነው የሰጠሁት» አለ ሰላህ። «ሁለት። ክሳቱ አሳፈረኝ፤ እስከ ዛሬ ሞላ ይልልኛል ብዬ ነው። የሰው ስንዴ ሳላስፈቅድ ስለወሰድሁ መናገሩ ከበደኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁ፣ እንደሚገድለው በምን አውቃለሁ? ሞቶ ሳየው እውነት መርዝ መስሎኝ ነው።»

«ለዚህ ነው ልጄን ከነዕቃዋ መንገድ ላይ ልትጥላት የነበረ?» አለች ፅጌ ማርያም።

ሰላህ ወደ ጋሪው ሄዶ ፍራሹን ለብቻው ሊያወርድ ታገለ።

«አስማማው፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

አስማማው ወደ ጋሪው ተጠጋ።

«ጠይቀኸኝ ቢሆን ስንዴውንም እሰጥህ፣ እንዳታበላውም እነግርህ ነበር» አለ። ንዴቱ አልበረደለትም። ቢሆንም የፍራሹን ሌላኛ ጫፍ ያዘና ተሸክመው ወደ ቤት ገቡ። ሲመለስ ቀዩን በግ ፈትቶ ወደ ጓሮ ወሰደው። «የኔም ይቅር። ዛሬ የሚታረድ የለም።»

«እንግዳውን ታዲያ ምን ላበላው ነው?» አለች ሰዓዲያ፤ ግንባሯን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ያቀደችው ምግብ ሁሉ ገደል ገብቶባታል።

ያን ጊዜ ነው እናትዓለም ከማድቤት የጠራቻቸው። ልጆቹ ቁርስ የሚያበላቸው ጠፍቶ ራባቸው ብላ መኮሮኒ ቀቅላላቸዋለች። ሱንዱስና ዜማ ከአንድ ሳህን፣ አፋቸው በስጎ ቀልቶ፣ በእጃቸው ይበላሉ።

«እኛኮ ነግረናችሁ ነበር» አለች ሱንዱስ።