ቻርጃችን አንድ ነው

የልጅ ልጄን ምንይሉ ብዬ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰው ምን እንደሚል ንቄ ነበር እንዲያ ያልኩት። እሱ ግን ስሙን ገልብጦ ለበሰውና «ምን ይሉኝ» እያለ ጎለመሰ።

ያን ሰሞን ከሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሞጣ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲተክዝ ይውላል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀያይ ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ፤ ሁለት ነጠብጣቦች ሊነካኩ ሲሉ ወዲያና ወዲህ ይሸሻሉ።

«ይህን ያህል ዘመን ተምረህ የትንኝ እረኛ ሆንክ?»

«ትንኝ አይደሉም እማማ» አለ እየሳቀ። «ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ቅንጣቶች ናቸው። በዓይን ስለማይታዩ በኮምፒውተር አስመስለን እናያቸዋለን።»

«ምን ተደራርገው ነው የሚሸሻሹ?»

«የኤሌክትሪክ ቻርጃቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገፋፋሉ። ፈሳሹ ግን የውሃና የሌላ ነገር ድብልቅ ነው። ሞቆ ሞቆ ድብልቁ ሊለያይ ሲቃረብ፣ ሲሸሻሹ የነበሩት ይሰበሰባሉ።»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰው አፍ ግን አያመልጠኝም።

«‹እናያቸዋለን› ያልከኝ ከማን ጋር ነው?»

ጆሮው ቀላ።

«ጸደንያ ትባላለች። አብራኝ ነው የምትሠራ። የቢቸናው የቅኔ መምህር የመርጌታ ገብረ ክርስቶስ ልጅ ናት፤ እሷም ለዕረፍት አባቷ ዘንድ ገብታለች።» ድምፁ ረገበ። «እሑድ አንድ የእህል ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ይልካል። እሷው ነገረችኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ሙቀቱን ትንሽ እንጨምር አልኳት።»

«የምኑን?»

«የ... የውሃውን።»

«ኧረ ውሃ ይውሰድህ! ልቧን ለሰጠችህ ሴት ስለ ውሃ ታወራለህ?»

«አባቷ ሊቅ ናቸው። እኔ አባት የለኝ፣ ደጃቸው የሚቆምልኝ ሽማግሌ የለኝ። ቢቸና ምን ይለኛል?»

ዓርብ ጧት ስልኩን ትቶ ወጣ። ከሐሙስ ጀምሮ መብራት አልነበረም። ስልኩ ጮኸ፤ አነሳሁት።

«ምንይሉ?» አለች የሴት ድምፅ።

«አያቱ ነኝ።»

ዝም አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ጸደንያ ነኝ። አንድ ቃል ያድርሱልኝ። ‹ቻርጃችን አንድ ነው...›»

ስልኩ ጭጭ አለ። ባትሪው አልቆ ኖሯል።

ሲመጣ ገና ከደጅ ተቀበልኩት። «እልል በል! ‹ቻርጃችን አንድ ነው› ብላሃለች!» እኛ ሰፈር ባንድ የስልክ ቻርጅ የሚጠቀም የአንድ ቤት ሰው ነዋ።

እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንድ ዓይነት ቻርጅ ይገፋፋል እማማ። አልፈልግህም ማለቷ ነው።»

«ደውልና ጠይቃታ!»

«ምን ትለኛለች?»

መብራት መጣ፤ ስልኩን አልሰካውም። እኔ ግን ዝምታዋን ሰምቻለሁ። እምቢ የምትል ሴት ቃሏን ቶሎ ትጥላለች እንጂ እንዲያ አትተነፍስም።

ቅዳሜ ማለዳ ሳልነግረው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፌ ቢቸና ወረድኩና ጠይቄ መርጌታ ደጅ ደረስኩ።

«ምን እግር ጣለዎ?» አሉኝ።

«ልጅዎን ለልጄ ልጠይቅ ነው። ሽማግሌ ነኝ።»

«ሴት ለሽምግልና? ወንዶቹ ወዴት ሄዱ?»

«ወንዱማ ‹ምን ይሉኝ› ብሎ ሞጣ ተቀምጧል። ስሙም ምንይሉ ነው።»

መርጌታ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። ጸደንያ ድምፄን ሰምታ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ልጅ፣ ቻርጃችን አንድ ነው ማለትሽ እምቢ ነው?»

«ሌላውን አልነገሩትም?»

«ምን ሌላ አለና? ስልኩ ጠፋ።»

አባቷን አየችና አቀረቀረች። «‹ቻርጃችን አንድ ነው፤ ውሃው ግን ሞቋል› ነበር ያልኩት።»

መርጌታ ቀና አሉ። «ሰሙ ውሃ ነው። ወርቁስ?»

«ወርቁን እርስዎ ያውቁታል፣ አባባ» አለች በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና።

መርጌታ ወደ ጓዳው አዩ። ለነገዎቹ እንግዶች የተወቀጠው ቅመም ከጓዳ ይሸታል።

«ይደወልለት» አሉ በመጨረሻ።

ጸደንያ በስልኳ ደውላ ሰጠችኝ። ጠራ። ሰክቶታል ማለት ነው! ወዲያው አነሳው።

«ጸደንያ?»

«አያትህ ነኝ። መርጌታ ቤት ነኝ፤ ለሽምግልና።»

«ቢቸና? እማማ! ሰው ምን ይላል?»

መርጌታ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«ምንይሉ!»

«አ... አቤት።»

«ያሻቸውን ይበሉ!» አሉና ስልኩን ለልጃቸው ሰጧት።

እዚያው አደርኩ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የነጋዴው ሽማግሌዎች ሳይደርሱ፣ ምንይሉ አቧራ ለብሶ ደጁ ላይ ቆሟል። ጸደንያ በሩን ከፈተች። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

እኔም አጥብቄ አየሁ። አንዱም አልሸሸ።