አፍ የሌላቸው የነሐስ ጭልፊቶች

ንጉሥ አብዲሶር በሰናፍር አገር ዙፋን በተቀመጠ በሰባተኛው ዓመት፣ አንዲት የነሐስ ጭልፊት በጣሪያ ቀዳዳ ገብታ ምጥ የያዛትን ሴት ቁልቁል አየቻት። አዋላጇ ይርገዱ ነጠላዋን ገፍፋ ሴቲቱን ሸፈነቻት። ሕፃኑ በደህና ተወለደ፤ አገሩ ግን «ይህ የመዓት ምልክት ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ጭልፊቶቹ መጀመሪያ በተሠሩ ጊዜ ማንም አልጠላቸውም ነበር። የአንበጣ መንጋንና ሰደድ እሳትን ከሩቅ ስለሚያሳዩ ሕዝቡ በእልልታ ነው የተቀበላቸው። ንጉሡ ግን አንዴ ማየት ከቀመሰ በኋላ በአንበጣ ብቻ የሚጠግብ ሰው አልሆነም። ጭልፊቶቹ ያዩት ሁሉ በቤተ መንግሥቱ መስተዋት ላይ ይታያል፣ የሰሙትም ይሰማልና፣ ማን ከማን ጋር እንደበላ፣ ማን በማን እንዳማረረ ተቀምጦ ይመለከት ጀመር።

ጭልፊቷ ምጥ ካለበት ቤት ከገባችበት ቀን ወዲህ ይርገዱ በገዛ ቤቷ የምታወራው በሹክሹክታ ሆነ። ልጇ ውብርስት ይህን አልቻለችውም። ውብርስት ጥያቄ የማያልቅባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ኧረ አፍሽ አይደክመውም?» እያለ የሚስቅባት ልጃገረድ ናት። ወደ ዋና ከተማው ወርዳ በዳኛ ሐንዞ ችሎት ቆመች።

«ጌታዬ፣ በአጥር ሕጋችን ንጉሥም ቢሆን ከደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ሳይል፣ ‹ይግቡ› ሳይባል የሰው ግቢ አይረግጥም። ታዲያ ጭልፊቶቹ ለምን ይገባሉ?»

«ሕጉ የጸናው አፍ ባለው ላይ ነው» አሉ ዳኛው። «ዲዳ ሳይጣራ ቢገባ አይቀጣም። አፍ አምጪላቸውና እፈርዳለሁ።»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ውብርስት ግን እጇን ወደ ሰማይ አነሣች፤ «አፍ ሳላገኝላቸው ብመለስ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ከሳቂዎቹ ኋላ አንድ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ጭልፊቶቹን የሠራው አንጥረኛው ጎልጃ ነው። «ዓይን ስሰጣቸው አፍ ረሳሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

ጎልጃ ድምፅ ይገኝበታል ወዳለው ገደል አሥራ ስድስት ቀን በጨው ሜዳ ተጓዙ። አንዲት ጭልፊት ከላያቸው አልጠፋችም። ጎልጃ ባያት ቁጥር ድንጋይ ይወረውራል፤ ውብርስት ግን አንጋጣ ታያታለች። «አባ ጎልጃ፣ ትተኛለች? ከላይ ስታየንስ ምን እንመስላታለን?»

«ልጄ፣ እኔ ክንፏን እንጂ ሆዷን መች አውቃለሁ!»

በአሥራ ሰባተኛው ቀን የማሚቶ ገደል ደረሱ። እዚያ ሰዎች የጮኹትን ድምፅ ሁሉ የሚያጠራቅም ዞራም የሚባል ፍጡር አለ። ገላው አለት ነው፤ አንገቱ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ጉሮሮ ተከፍቷል። ውብርስት ለጭልፊቶቹ ድምፅ እንዲሰጣት ለመነችው። ሲመልስላት የሺህ ሰው ድምፅ ተንጋጋ።

«የማበድረው ድምፅ የለኝም፤ እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው የማዛውር ብቻ ነኝ። ለነሐስ የሚሰጥ ከሰው ይወሰዳል፤ ሰውየውም ዳግመኛ አይናገርም።»

«የኔን ውሰድ!» አለ ጎልጃ ተንበርክኮ።

«የአንተ ተሰንጥቋል፤ ነሐስ አይቀበለውም። የእሷን ግን አንድ ጥያቄ አስጠይቄ እወስዳለሁ።»

ውብርስት ፈራች። ጥያቄ የሌለበት ኑሮ ምን እንደሆነ አታውቀውም። ቢሆንም የመጨረሻ ጥያቄዋን በከንቱ አላባከነችም፤ «ጭልፊቶቹ ያዩትን ነገር ይገረሙበታል?»

«አይገረሙም» አለ ዞራም። «ማየት እንጂ መገረም አልተሰጣቸውም።»

«እንግዲያ አዘንኩላቸው» አለች። ከዚያም ደረቷን ሞልታ፣ ገደሉ እስኪናወጥ ድረስ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች። ጭልፊቷ ቁልቁል ወርዳ ድምፁን በመንቁሯ ተቀበለች። ሁሉም ከአንድ ምድጃ የወጡ ናቸውና አንዷ የተቀበለችው ለሁሉም ደረሰ። ጎልጃ ልጅቷን አቅፎ ተንሰቀሰቀ።

በችሎቱ ፊት ጭልፊቷ «ቤቶች!» ስትል የሳቀ አልነበረም። ንጉሡ በቁጣ ቢንተከተክም ዳኛ ሐንዞ ቃላቸውን አላጠፉም። «አፍ አላቸውና ሕጉ ይይዛቸዋል። ሳይጣሩ አይገቡም፤ እምቢ ከተባሉ ይመለሳሉ። ንጉሡ ጥርጣሬ ካለውም ምክንያቱን አስረድቶ የዳኛ ማኅተም ያምጣ!»

የፍርዱ ወሬ ወደ ይርገዱ መንደር ገና አልደረሰም ነበር። አንድ ከሰዓት ከአጥሯ ውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች።

«መጣሽልኝ!» ብላ ሮጣ ወጣች።

አጥሩ ላይ የነሐስ ጭልፊት ቆማለች። ከጭልፊቷ ኋላ ልጇ አቧራ ለብሳ ከናፍሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። ይርገዱ አንዴ ወፏን፣ አንዴ ልጇን አየች። ጎልጃ ከልጅቷ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ነገሩ ገባት።

«ቤቶች!» አለች ጭልፊቷ እንደገና፣ በዚያው በሚናፈቀው ድምፅ።

ይርገዱ የአጥሩን እንጨት ጨብጣ ቀና አለች። ሹክሹክታዋን ትታ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፤ «አትገቢም! በልጄ ድምፅም ብትመጪ አትገቢም! ሂጂ!»

ጭልፊቷ ክንፏን ዘርግታ ዞረች። ከጎረቤት ደጅ፣ ከዚያም ከወንዙ ማዶ «ቤቶች!» ስትል ተሰማች። እናትና ልጅ ተቃቅፈው፣ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡት።